የወይዘሮ አማረች ሆድ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝና «ሲስተር ጽጌ፣ ከሥራ ዘመንሽ የማትረሺውን አንድ ነገር ንገሪን» አሉኝ። ኬኩ ተቆርጧል፣ ለስላሳው ተከፍቷል፣ የአስተዳደር ኃላፊው ሰዓቱን ያያል። እኔ ደግሞ መቆጣት እንጂ ንግግር ማድረግ አልችልበትም። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እጃችሁን መታጠብ አትርሱ» ብዬ ተቀመጥኩ። ሳቁ፣ አጨበጨቡ። የማልረሳውማ ነበረኝ፤ የወይዘሮ አማረች ሆድ ነው። ግን ያ ሁሉ ሰው ኬክ እያላመጠ ስለ አንዲት ሴት ሆድ ከየት ልጀምርለት? ብጀምርስ ምን ብዬ እጨርሰዋለሁ? እኔው ራሴ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ቤቴ ገብቼ ጋቢውን አጣጥፌ ቁም ሣጥን ውስጥ ካስቀመጥኩ በኋላ ልጻፈው አልኩ። ስጽፈው ይገባኝ ይሆናል ብዬ ነው። ከወዲሁ እንደማየው ግን እንጃ።

አባቴ ከሰሜን ሸዋ በመንግሥት ሥራ ተመድቦ የመጣ ቀያሽ ነበር፤ እኔ የተወለድኩት ሐዋሳ ነው። ነርስ የሆንኩት ደግሞ ተመኝቼ አይደለም፤ የፈተና ውጤቴ እዚያ ጣለኝ። መጀመሪያ የተመደብኩት ወንዶ ገነት አቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያ ነበር። አለቃዬ ጥጥ እንኳ ሳይቀር ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል ሰው ነበር፤ እናቲቱ እያማጠች «ጥጡን ለምን ፈለግሽው?» ይለኛል። ከዚያ ይርጋለም ሠራሁ። ከዚያ ወደ ሐዋሳ ተዛወርኩና ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልወጣሁም። ስለ ደመወዙ አላነሳም፤ ያነሳሁት ለታ ደሜ ይነሳል። የጡረታ ወረቀቱንም ለማስጨረስ ስንት ቢሮ እንደተመላለስኩ እኔና የባጃጅ ሹፌሮቹ ነን የምናውቀው።

ሥራውን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ዶክተር ገብረየስ ናቸው። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ካልተጠጓቸው የማይሰሙ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። ጠዋት በሽተኛ ሲጎበኙ «እንዴት አደሩ?» አይሉም። መጀመሪያ ኩራት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን እኔ አንዱን በሽተኛ «እንዴት አደሩ አባቴ?» ስል ሰሙኝና ወደ ኮሪደሩ ጠሩኝ።

«ምን አለሽ?»

«ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለኝ።»

«ታዲያ ምን ሊልሽ ኖሯል? የእኛ አገር ሰው አንጀቱ ተዘርግፎም እንዴት አደርክ ከተባለ ተመስገን ነው የሚለው። ሰላምታሽን መለሰልሽ እንጂ ስለ ሕመሙ ምንም አልነገረሽም። አንቺ ካርዱ ላይ ደኅና ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ ከሰዓት በኋላ ይሞትብሻል።»

እሳቸው የሚጠይቁት «በየትኛው ጎንዎ ተኙ?» ብለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ተመስገን ብሎ የሚመልስ አላየሁም። ሰውየው ያስባል፤ «እ... በዚህ በኩል አልሆነልኝም» ይላል። ሕክምናው ከዚያ ይጀምራል።

ሌላው ልማዳቸው እጃቸው ነበር። ሆድ ከመንካታቸው በፊት ሁለቱንም እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው እስኪሞቁ ይቆማሉ። ለማያውቃቸው ሰው የበረዳቸው ሽማግሌ ይመስላሉ። «ቀዝቃዛ እጅ ሆድን ያስኮርፈዋል» ይላሉ። ከዚያ መዳፋቸውን ያሳርፉና አይጫኑም፤ ዝም ብለው ያቆዩታል። ሆድ እንግዳ ይፈራል፣ መጀመሪያ ይልመደኝ ነው የሚሉት። ዓይናቸው ግን ሆዱ ላይ አይደለም፤ የበሽተኛው ቅንድብ ላይ ነው። አፍ ቢዋሽ ቅንድብ አይዋሽም ብለው ያምኑ ነበር።

አንጀቱ የተቀደደ ሰው ከኦፕራሲዮን በኋላ እስከሚበላ ድረስ የክፍሉ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ አየር መውጣቱን። አንጀት ሥራ መጀመሩን የሚያበስረው እሱ ነው። ይህን ለመጠየቅ ደግሞ የእኛ አገር አይመችም። አንድ ጎልማሳ አማቱ አጠገቡ ተቀምጠው ስጠይቀው «ምንም የለም» እያለ ጾሙን በጉሉኮስ ሰነበተ። ሆዱ ለስላሳ ነው፣ አንጀቱ በማዳመጫ ሲሰማ ይዘፍናል። ዶክተር ገብረየስ አማቲቱን «እማማ፣ እስቲ ውሃ ገዝተው ይምጡ» ብለው ላኩና በሩን ዘጉ። ሰውየው ኮርኒሱን እያየ «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ነው ዶክተር» አለ። ሌብነት ቢሆን አማቱ ፊት ያምን ነበር፤ ይህን ግን አያምንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ጥያቄ የምጠይቀው ሰውን ሁሉ አስወጥቼ ነው።

አንድ አባባልም ነበራቸው። ወጣት ሐኪሞች የሕመሙን ምክንያት አገኘን ብለው ሲደሰቱ «ያገኘኸው ምክንያት እንደ ሙቅ ጋቢ ነው፤ ያስተኛል። ትንሽ በርዶህ ቆይ» ይሉ ነበር። እስቃለሁ እንጂ ያን ጊዜ በደንብ አልገባኝም።

ወይዘሮ አማረች የመጣችው በባጃጅ ነው፤ ወንድሟ አቶ ማቴዎስ ደግፏት፣ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ። ከዱራሜ በኩል መጥታ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የምትኖር፣ ቆጮና ቅቤ እየሸጠች ሁለት ልጆች ያሳደገች ባለቤቷ የሞተባት ሴት ናት። አንጀቷ ተጠማዝዞ ነበር። ዶክተር ገብረየስ ከዶክተር ናሆም ጋር ሆነው የተበላሸውን ቆርጠው አውጥተው ቀሪውን ሰፉ። ዶክተር ናሆም ያን ጊዜ አዲስ ቀዶ ሐኪም ነበር፤ ጎበዝ፣ ቸኳይ፣ ቡናውን ቆሞ የሚጠጣ። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ እኔም በቦታው ነበርኩ።

እንደ እሷ ያለች በሽተኛ አላየሁም። የቁስሏን ጨርቅ ልቀይርላት ስሄድ ጎዙን በሁለት ጣቷ አሽታ «ይሄማ ሳሳ፤ ስንት ገዛችሁት?» ትለኛለች። ያን የሚያሳፍረውን ነገር ደግሞ እኔ ሳልጠይቃት ከአልጋዋ ሆና «ሲስተር! ወጣ! ሃሌ ሉያ!» ብላ ለክፍሉ ሁሉ አወጀች። የስፌታቸው ሕመም እያስቃሰታቸው ያልሳቀ ሰው አልነበረም። እኔም ሾርባ አዘዝኩላት።

እሑድ እሑድ ደግሞ ልጇ ታምራት ከደቡብ አፍሪካ ይደውላል። እዚያ ሱቅ ነበረው። ደኅና ሳለች ከቸርች መልስ ቤቷ በምትገባበት ሰዓት ነው የሚደውለው፤ እሷም ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ለአልጋ ጎረቤቶቿ ሁሉ ታሰማለች። «ሲስተር ጽጌ አለች? ስጫት» ይላል። «ሲስተር፣ እማዬን አደራ» አለኝ። «የአንተ እናት አደራ አያሻትም፣ እኛን ነው አደራ የሚያስፈልገን» አልኩት፤ ሳቀ።

ከዚያ ሕመሙ መጣ። ሾርባውን ከለመደች በኋላ፣ ወደ ቤቷ እንልካታለን ስንል ነው። ከእምብርቷ በስተግራ ይይዛታል፣ እጥፍ ያደርጋታል፣ ከዚያ ይለቃታል። ሲለቃት ትቀልዳለች። በዚያው ሰሞን፣ ቀደም ብሎ ይሁን ተከትሎ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም፣ አቶ ማቴዎስ ጨርቅ መቀየሪያ ክፍል ድረስ መጥቶ በሩን ዘጋና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«ሲስተር፣ ታምራት ሱቁ ውስጥ ገደሉት።»

ምን እንዳልኩት አላስታውስም።

«እንዳትሰማ። ቁስሏ ይዳን። የታመመ ሰው መርዶ አይነገረውም፣ ታውቂያለሽ። አስከሬኑ እስኪመጣ ትዳንልናለች።»

አውቃለሁ። በእኛ አገር የሚያድገው ሁሉ ያውቃል። እሺ አልኩት። ለዶክተሮቹም ያኑ ዕለት ነገርኳቸው፤ እነሱም እሺ አሉ። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ተዋናይ ሆንን። ልጇ ምሕረት ቤት ስታለቅስ የምትለብሰውን ጥቁር ነጠላ በር ላይ ለጥበቃው ትሰጥና ነጭ ለብሳ ትገባለች። አክስቶቿ ዓይናቸውን በውሃ አጥበው ይመጣሉ። እሑድ ስልኩ ዝም ሲል «ኔትወርክ ተበላሽቷል አሉ» ይሏታል። የአልጋ ጎረቤቶቿ ሳይቀሩ አውቀው «አዎ፣ የእኔም ልጅ አልደወለም» ይላሉ። አማረች ትሰማለች፤ ራሷን ትነቀንቃለች። ሕመሙ ግን እየባሰ ሄደ።

ራጅ ተነሳች፣ ምንም የለም። አልትራሳውንድ፣ ምንም የለም። ደሟ ንጹሕ ነው፣ ትኩሳት የላትም። ከተማ ውስጥ ወዳለ የግል ክሊኒክ ሄዳ ሲቲ ስካን ተነሳች፤ ምንም የለም። በየጊዜው ወረቀቱን ይዤ ገብቼ «ደስ ይበልሽ፣ ምንም የለብሽም» እላታለሁ። እሷም ታጥፋ፣ ጥርሷን ነክሳ «ተመስገን» ትለኛለች።

ዶክተር ናሆም «እንክፈታት» አለ። «ሲቲ የማያሳየው ነገር አለ።»

ዶክተር ገብረየስ እጃቸውን አሙቀው ሆዷ ላይ አቆዩት። ከዚያ እሷ የማትሰማን ቦታ ወስደውን «ለስላሳ ነው። ምን ፍለጋ ነው የምከፍተው? ባዶ እጄን ብወጣስ? ሁለተኛ መክፈት ቀልድ አይደለም» አሉ።

አቶ ማቴዎስ ደግሞ አስከሬኑ ሊገባ ነው ብሎ ይጨቀጭቀናል። ትዳን ብለን እንጠብቃለን፣ እሷ አትድንም፤ አልዳነችም ብለን እንደብቃለን። እናት ሳትኖር ልጅ ሊቀበር ነው። እኔም አንድ ጠዋት በጉብኝቱ መሃል አመለጠኝ፦ «ዶክተር፣ ይቺ ሴትዮ ሆዷ የነገራት ይመስለኛል። እናት አይደለች? ሐዘኑ መውጫ አጥቶ ነው።»

ዶክተር ናሆም ብዕሩን ጠቅ፣ ጠቅ አደረገ። ከዚያ ዶክተር ገብረየስ «ይነገራት» አሉ።

መርዶ እንደ ወጉ በማለዳ ነው የሚነገረው። ጨርቅ መቀየሪያውን ክፍል ጠርገን፣ ወንበር አስገብተን፣ ፓስተሩና ሁለት ሽማግሌዎች፣ አቶ ማቴዎስና ምሕረት ተቀመጡ። እኔ ድንገት ብትወድቅ ብዬ ቃሬዛ አዘጋጅቼ በሩ ጋ ቆምኩ። ፓስተሩ ጸለዩ፤ «እህቴ አማረች፣ እግዚአብሔር የሰጠውን...» ብለው ገና ሳይጨርሱ እጇን አነሳች።

«አስከሬኑ መቼ ነው የሚገባው?» አለች።

ፓስተሩ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ዘጉ።

«አውቄያለሁ። ስልኩ የቀረ ዕለት ጠረጠርኩ። ኋላ ደግሞ የምሕረት አንገት ላይ የነጠላ ጥቁር ቀለም አየሁ፤ ላብ አስለቅቆት። እናንተ ስትደክሙ አሳዘናችሁኝ፣ ዝም አልኩ።»

ለካ እኛ ከእሷ ስንደብቅ እሷም ከእኛ ትደብቅ ነበር። ከዚያ ጮኸች። ያን ድምፅ አልጽፈውም። ምሕረት እግሯ ላይ ወደቀች፣ እኔም ቃሬዛውን ትቼ አብሬያቸው አለቀስኩ።

ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ሕመሙ ተዋት። እውነቴን ነው። ተኛች፣ ገንፎ በላች፣ ቀና ብላ ሄደች። የክፍሉ ሰው ሁሉ «አየሽ? አየሽ?» ተባባለ። እኔም እንደ ነቢይ ቆጠሩኝና ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ዶክተር ገብረየስ ለቀብሩ እንድትደርስ የመውጫ ወረቀቷን ራሳቸው ፈረሙ። እጃቸው ላይ ያየሁት ነገር ቢኖር ሲፈርሙ ፈጣን መሆኑ ነው፤ እሳቸው ቀርፋፋ ፈራሚ ነበሩ። «ጽጌ፣ ይቺን ሴትዮ ባልከፈትኳት ደስ ብሎኛል» አሉኝ። ደስ ብሎኛል ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ ከክፍላችን ሰዎች ጋር ለቅሶ ልደርስ ምሥራቅ ሄድኩ። ድንኳኑ መንገዱን ግማሽ ይዟል፣ ከዱራሜ የመጣ ዘመድ አግዳሚዎቹን ሞልቷል፣ መዝሙር ይዘመራል። አማረች ቤት ውስጥ ፍራሽ ላይ በሴቶች መሃል ተቀምጣለች፤ ጎንበስ ብላ፣ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አጥፋ። ግራና ቀኟ ያሉት ሴቶችም እንደዚያው ናቸው። ልጅ የሞተባት እናት እንደዚህ ነው የምትቀመጠው።

«እህል አልቀምስም አለች» አለችኝ አክስቷ። «የቀመሰችውንም መለሰችው። ሐሞቷ ነው፣ እናት አይደለች።»

«እንቅልፍም የላት» አለች ሌላዋ።

እኔም ተቀምጬ አለቀስኩ። አደራ ያለኝ ልጅ ነው፤ ድምፁ ጆሮዬ ላይ ነበር። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። አዲስ ለቀስተኛ ሲገባ ሴቶቹ ሁሉ ድምፃቸውን ያነሳሉ፣ ያጎነብሳሉ፤ ለቀስተኛው ሲቀመጥ ይበርዳሉ፣ ቀና ይላሉ። ለቅሶ ከሰው ጋር ነው የሚመጣው። አማረች ግን ከእነሱ ጋር አልገጠመችም። ሰው ሲገባ ዝም ብላ ቀና ትላለች፤ ሁሉም ዝም ባለበት፣ ውሃ እየታደለ ሳለ፣ ድንገት ትታጠፋለች። ቅንድቧን አየሁት። ነጠላዋ ሥር ደግሞ ሆዷ ተነስቷል።

ተነሳሁና «ወንዶች ውጡልኝ» አልኩ። ፓስተሩ ደንግጠው አዩኝ። «ሴቶችም፣ ከምሕረት በቀር።» ለቅሶ ቤት ውስጥ ለቀስተኛ ስታስወጣ የታየች ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አክስቲቱ «ይቺ ደግሞ ምን ሆነች?» እያለች ወጣች። እጄን ብብቴ ውስጥ አሙቄ ሆዷ ላይ አሳረፍኩት፤ ድርቅ ብሏል።

«አማረች፣ አየር ወጥቶልሻል?»

ፊቷን አዞረች።

«እኔ ነኝ እኮ። ያኔ ሃሌ ሉያ ያልሽልኝ።»

«ከቀብሩ ወዲህ የለም» አለች፤ ድምፅዋ አይሰማም። «ምን ላድርግ ሲስተር? ልጄ ሞቶ ተቀምጬ ስለ ፈስ ላውራ?»

ምሕረት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እኔ ባጃጅ ጥሩ ብዬ ጮህኩ።

ዶክተር ገብረየስ ያን ቀን ከፈቷት። ከመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ጠባሳ የወጣ አንድ ቀጭን፣ ክር የመሰለ ሥጋ አንጀቷን አንቆት ነበር። ለማመን የሚያስቸግር ቀጭን ነው፤ የማንኛውም ማሽን ዓይን ሊያልፈው ይችላል። የታነቀው አንጀት ጠቁሯል። ክሩን በጠሱ፣ የጠቆረውን ቆርጠው አወጡ፣ ሰፉ። ሆዷ ተከፍቶ ሳለ የደም ግፊቷ ሁለቴ ወርዶ አጣናት ብለን ነበር። ዶክተር ናሆም አንድ ጊዜ እንኳ «ብዬ ነበር» አላለም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። ሲያልቅ ዶክተር ገብረየስ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እጃቸው ብብታቸው ውስጥ ነበር፤ የሚነኩት ሆድ ግን አልነበረም።

«ተኛሁ፣ ጽጌ» አሉኝ። «ደስ የሚል ምክንያት ሰጣችሁኝ፣ ለበስኩና ተኛሁ።»

ምክንያቱን የሰጠኋቸው እኔ ነበርኩ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ይገባኝ ነበር። ሐዘን መስሎን ክር ሆኖ ተገኘ፤ በቃ፣ ተማርን እል ነበር። አማረች ግን ከዳነችም በኋላ፣ ቁስሏ ሽሮ፣ ገበያዋ ከተመለሰች በኋላ፣ ሕመሙ ተመልሶ መጣ። ያው ቦታ፣ ያው አያያዝ፤ ይይዛታል፣ ይለቃታል። ተመረመረች፣ ምንም የለም። አዲስ አበባ ተላከች፣ በካሜራም በሌላም አዩዋት፣ «ምንም የለብሽም» ብለው መለሷት። አየሩ ይወጣል፣ ምግቡ ያልፋል፣ ሆዷ ለስላሳ ነው። ዶክተር ናሆም ጠባሳ ነው ይላል። ወንድሟ ሐዘን ነው ይላል። አክስቷ ዓይን ነው ትላለች። ፓስተሩ ይጸልያሉ እንጂ ምክንያት አይሰጡም።

እኔ ደግሞ እንዲህ እያልኩ እዞራለሁ። ክሩ ከሆነ፣ መርዶው ሲነገራት ለምን ተዋት? ክር መርዶ ይሰማል እንዴ? ሐዘኑ ከሆነ፣ ያ የጠቆረው አንጀት ምንድን ነው? እኔ በገዛ ዓይኔ አይቼዋለሁ። ሁለቱም ከሆኑ፣ ክሩ ተበጥሷል፣ ሐዘኑም ተለቅሷል፤ የቀረው ማን ነው? ሕመሙ የጀመረው ልጁ ሳይሞት ነው ወይስ ከሞተ ወዲህ? ካርዱን አገላብጬ አይቻለሁ፣ አቶ ማቴዎስንም ጠይቄዋለሁ። አንዱን መልስ የያዝኩ ሲመስለኝ ሌላው ይበጥሰዋል።

ዶክተር ገብረየስ ጡረታ ከወጡ በኋላ ታቦር ሰፈር ቤታቸው እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ጉልበታቸው ደክሞ በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። መጨረሻ ባየኋቸው ጊዜ የባጥ የቆጡን ስናወራ ቆይተን ድንገት «የዚያች ሴትዮ ሆድ ምን ነበር?» አሉኝ።

የዘነጉ መስሎኝ «ክር ነበር ዶክተር። እርስዎ አይደሉ እንዴ የቆረጡት?» አልኳቸው።

«የቆረጥኩትንማ አውቃለሁ። እሱን አይደለም የምጠይቅሽ።»

የሚጠይቁኝ ገብቶኛል። የእኔው ጥያቄ ነው። ስንቱን ሰው ሆዱን ከፍተው ያዩ ሰው እንደ እኔ ግራ ገብቷቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ትንሽ አጽናናኝ፣ ትንሽም አስፈራኝ። በዚያው ዓመት አረፉ፤ ቀብራቸው ላይ አማረች ቅቤ የተቀባ ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ አስራ መጥታ ነበር፤ መሃል ላይ ቆማ ጎንበስ አለች፤ ሐዘን ይሁን ሕመሙ አላወቅሁም።

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ገበያ ሄድኩ። ቅቤ ልገዛ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ እንጂ እሷን ለማየት ነው። ቆጮዋን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ ከራሷ በላይ ጃንጥላ ተክላ ተቀምጣለች።

«ሲስተር! ጡረታ ወጣሽ አሉ።»

«ወጣሁ።»

«እንግዲህ ማን ሊጠይቀኝ ነው?»

«በየትኛው ጎንሽ ተኛሽ?» አልኳት።

ሳቀችና ቆጮዋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ከመደቡ ኋላ ወዳለው ጠባብ ክፍል ወሰደችኝ። የቆጮ ማዳበሪያዎቹ ላይ ሸራ አንጥፋ ተጋደመች፤ ይዟት ነበር። ማዳመጫ የለኝም፣ ካርድ የለኝም፣ የማዘው ምርመራ የለም። ዘንቢሌን አስቀምጬ ሁለቱን እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከተትኩና እስኪሞቁ ቆምኩ። ከዚያ ጠባሳዋ አጠገብ መዳፌን አሳረፍኩ። አልተጫንኩም። ቅንድቧን ሳይ ቆየሁ፤ ውጭ አንዱ በጨው ዋጋ ይከራከራል። ሆዷ መዳፌ ሥር ጠነከረ፣ ቆየ፣ ላላ።

«ምን አገኘሽ?» አለችኝ።

ስንት ጊዜ ነው ይህን ጥያቄ የጠየቀችኝ! በየጊዜው ያቺን አንድ ቃል እናገርና እጄን አንስቼ፣ ልብሷን ሸፍኜላት እሄድ ነበር። አሁንም ከዚያች ቃል ሌላ አልነበረኝም።

«ምንም» አልኳት።

«እንግዲያውስ እጅሽን ገና አታንሺ» አለችኝ።

አላነሳሁም።